ሃያ ሰባት ገመድ

ድንጋይ በእግር መንገድ አይሄድም። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ለአምስት የኮሚቴ አባላት ለማስረዳት ሦስት ሳምንት ለፋሁ፤ አልተሳካልኝም።

ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲኬድ ከአስፓልቱ የሚገነጠል የጠጠር መንገድ አለ። የሚያልቀው ጥቁር ገደል የሚባል የድንጋይ ካባ ላይ ነው። ድንጋዩ እዚያ በድማሚት ይፈነዳል፣ እዚያው ይፈጫል፣ በገልባጭ መኪና ይጋዛል። ከካባው ፊት ለፊት፣ ከአንዲት ጠባብ ሸለቆ ማዶ፣ ወይራ አፋፍ የምትባል አሥራ አራት ቤት ያላት መንደር አለች። ከካባው ጠርዝ ላይ አንድ ሰው ቢያስነጥስ ከወይራ አፋፍ «ይማርህ» የሚለው አያጣም። ያን ያህል ቅርብ ነው።

የእኔ ሥራ በካባው ዙሪያ መስመር ማስመር ነበር። የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ባለሙያ ነኝ። ከመስመሩ ውስጥ የገባ ቤት መብት አለው፤ ወይ ካሣ ተሰጥቶት ይነሣል፣ ወይ ካባው የሚፈነዳበትን ፊት ወደ ሌላ አቅጣጫ ያዞርለታል፤ እስከዚያው ከፍንዳታ በፊት ጡሩምባ ይነፋለታል። ከመስመሩ ውጭ የቀረ ቤት ምንም የለውም፤ በወረቀቱ መሠረት ድንጋዩ እሱ ዘንድ አይደርስምና። በእኛ ሰነድ መስመሩ አምስት መቶ ሜትር ነው። በእኔ የርቀት መለኪያ መሣሪያ ከካባው ጠርዝ እስከ ወይራ አፋፍ የመጀመሪያው ቤት መቶ ሰባ ሁለት ሜትር ነው።

ኮሚቴው ግን እኔ ሳልመደብ አስለክቶ ጨርሷል። ፋይሉን ስከፍት «ሃያ ሰባት ገመድ፣ አምስት መቶ አርባ ሜትር» ይላል። ማኅተም አለው፤ የሦስት ሽማግሌዎች የጣት አሻራም አለው። ስለዚህ ወይራ አፋፍ ከመስመሩ አርባ ሜትር ውጭ ናት። ደህና ናት። ልጆቿ በር ላይ መጫወት ይችላሉ።

ገመዱን የጣሉት አያ ላቀው ናቸው። ስማቸውን በዚያ ቀበሌ የማያውቅ የለም። ለአረንጓዴው የይዞታ ደብተር መሬቱን ሁሉ የለኩት እሳቸው ናቸው። ወንድማማቾች በወሰን ተጣልተው ዱላ ሲማዘዙ «የላቀው ገመድ ይጣል» ከተባለ ነገሩ ይበርዳል። ገመዳቸው ልክ ሃያ ሜትር ነው። ደንባቸውም አንድ ነው፤ ገመዱ መሬት መንካት አለበት። ገመድን በአየር ወጥሮ ጉድባ የሚዘል ሰው፣ በእሳቸው ሚዛን፣ የጎረቤቱን አፈር የሰረቀ ሰው ነው።

«ከካባው እስከ መንደራችሁ ለኩ» ሲባሉ አያ ላቀው እንደ ደንባቸው አደረጉ። ገደሉ በቀጥታ አይረገጥም። ስለዚህ ገመዱን አህያ በሚሄድበት መንገድ ጎተቱት፤ እየተጠማዘዘ ወደ ወንዙ ወረደ፣ ወንዙን ተሻገረ፣ እየተጠማዘዘ ወጣ። ሃያ ሰባት ገመድ። አንድ ክንድ አላጭበረበሩም።

ያጭበረበረው ሌላ ነው። የገመዱን ሌላ ጫፍ የያዘው የደምለው ሰው ነበር። ደምለው የካባው ባለቤት ነው። መሃንዲስ ቀጥሯል፤ መሣሪያው ከእኔ መሣሪያ ይሻላል። ድንጋይ በየት እንደሚሄድ ያውቃል። አወቀ፣ ዝም አለ፣ ለሽማግሌዎቹ በግ አረደ።

መጀመሪያ የሄድኩት አያ ላቀው ዘንድ ነው። እሳቸው «ተሳስቻለሁ» ካሉ ኮሚቴው ሌላ የሚይዘው ነገር የለውም። ጥቅምት መጨረሻ ነበር፤ ገብሱ ቢጫ ሆኗል። ሴት ልጃቸው በለጠች ከእርሻው ጫፍ ላይ ቆማ በወንጭፍ ጭላዳ ዝንጀሮ ትከላከላለች። እሳቸው አጥሩ ሥር ተቀምጠው ነበር።

«አያ ላቀው፣ ገመዱን የጣሉት በመንገዱ ነው» አልኳቸው።

«በምን ልጣለው ኖሯል? በደመና?»

«ድንጋዩ ሲፈነዳ በመንገድ አይመጣም። ከዚያ ተነሥቶ እዚህ ነው የሚያርፈው።»

«ልጄ፣ መሬት ማለት እግር የሚረግጠው ነው። አየር ተለክቶ ያውቃል? የማን ርስት ነው አየር?»

«ድንጋዩ ርስት አይጠይቅም።»

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

«የማንም ልሁን። መቶ ሰባ ሁለት ሜትር ነው።»

«በዚያች ብረት ነው?» በአገጫቸው ወደ መሣሪያዬ አመለከቱ። «እኔ አርባ ዓመት ለክቻለሁ። በእኔ ገመድ የተካሰሰ የለም። ብረትሽ ስንት ዓመቷ ነው?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። በሰው ቤት፣ በሽማግሌ ፊት፣ «እንግዲያው ያ የተመሰገነ ገመድዎ አሥራ አራት ቤት ይቀብራል» አልኳቸው።

ተነሡ። አልጮኹም። «ከደጄ ውጪ» አሉ።

በለጠች እስከ ዋናው መንገድ ሸኘችኝ። አርባ ዓመት የሚሆናት፣ አጭር፣ ትከሻዋ የሰፋ ሴት ናት።

«አፍሽ እሳት ነው» አለችኝ። «ለአባቴ እንዲያ ተብሎ አይነገርም።»

«ምን ተብሎ ይነገር?»

«እንጃ። እኔም ነግሬው እምቢ ብሎኛል።» ከገብሱ ውስጥ ጎንበስ ብላ የዶሮ እንቁላል የሚያህል ድንጋይ አነሣች። ጥቁር፣ ስለታም፣ ገና የተሰበረ። የእርሻ ድንጋይ እንዲህ አይደለም፤ የእርሻ ድንጋይ ዝናብ ልሶት ድቡልቡል ነው። «መስከረም ላይ ለሙከራ አንድ ጊዜ አፈነዱ። ሦስት መጣብን። አንዱ እኔ እዚህ ቆሜ እዚያ ጋ ነው የወደቀው።» በእጇ አሳየችኝ። አሥር እርምጃ አይሆንም።

«ይህንን ለኮሚቴው ንገሪያቸው!»

«አባቴን በአደባባይ ውሸታም ላድርገው?» ድንጋዩን ወደ ቀሚሷ ኪስ ከተተችው። «እሱ ካላለ እኔ አልልም። ሂጂ በሰላም።»

ኮሚቴው ኅዳር መግቢያ ላይ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው አቶ መልከ ጼዴቅ ነው፤ ማንንም ላለማስቀየም ሲል ሁሉንም የሚያስቀይም ሰው። ደምለው «በታዛቢነት» ተጋብዟል። ታዛቢው ከሰብሳቢው አጠገብ ተቀምጦ ውሃውን ይጠጣል።

መሣሪያው የሰጠኝን ልክ አስረዳሁ። ሥዕል ሠራሁ። በአንድ ጫፍ ካባውን፣ በሌላው መንደሩን፣ በመሃል ሸለቆውን ሣልኩ፤ ከላይ ቀጥ ያለ ቀይ መስመር ጎተትኩ።

«ወይዘሪት ሃና» አለ ደምለው፣ «ሥዕልሽ ያምራል። ግን እኮ ኅብረተሰቡ ራሱ ነው የለካው። የኅብረተሰቡን ልክ አንቀበልም ነው የምትዪው?»

«ኅብረተሰቡ የአህያ መንገድ ነው የለካው። አንተ አህያ ነው የምታፈነዳው?»

ሁለት ሰዎች ሳቁ። መልከ ጼዴቅ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መታ። «ሥርዓት! ሥርዓት ይኑረን። ሃናዬ፣ አንቺ ጎበዝ ባለሙያ ነሽ። ነገር ግን ሽማግሌው ራሳቸው ልካቸው ትክክል ነው ብለዋል። የራሳቸው ቤት እዚያው ነው። ሰው በራሱ ቤት ላይ ይፈርዳል?»

«ይፈርዳል» አልኩ። «ስሙ ከቤቱ ከበለጠበት ይፈርዳል።»

ካባውን በአካል ጎብኝተው ኅዳር ሃያ ላይ እንዲፈርሙ ተስማሙ። ከተፈረመ በሳምንቱ ደምለው ወደ ወይራ አፋፍ የዞረውን ፊት ያፈነዳል፤ ስልሳ የድማሚት ጉድጓድ ቆፍሮ አዘጋጅቷል። የመስከረሙ ሙከራ አራት ጉድጓድ ነበር። በአራት ጉድጓድ ሦስት ድንጋይ የመጣባት ሴት በስልሳ ጉድጓድ ምን እንደሚመጣባት አስቡት። መልከ ጼዴቅ አላሰበውም።

ከፊርማው አሥር ቀን በፊት፣ በጉብኝቱ ቀን ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ደምለው ነጭ ፒክአፑን ካባው ጠርዝ ላይ አቁሞ የታሸገ ውሃ ያድላል። ከማዶ በለጠች ከገብሷ ጫፍ ላይ ቆማለች። ታየናለች፤ እናያታለን።

«እነዚህ ሰዎች» አለ ደምለው በጣቱ ወደ ማዶ እየጠቆመ፣ «ድንጋይ ደረሰብን የሚሉት ካሣ ሽተው ነው። አምስት መቶ አርባ ሜትር! ድንጋይ ክንፍ አለው እንዴ? የእርሻቸውን ድንጋይ ከብት እየረገጠ ሲያወጣላቸው ከእኔ ነው ይላሉ። ገበሬ ካሣ ሲሸተው ድንጋይ ይወልዳል።»

ድምፁ ትልቅ ነው። ሸለቆው ደግሞ ጠባብ ነው።

በለጠች ክንዷን ስታዞር አየኋት። ጭላዳ መጣባት ብዬ አሰብኩ። ከዚያ የሆነ ነገር እያፏጨ መጣና የፒክአፑ የፊት መስታወት ሙሉውን ነጭ ሆነ። ደምለው ከጎማው ኋላ ተወሸቀ። መልከ ጼዴቅ የያዘውን ፋይል ራሱ ላይ አደረገ። እኔ ቆሜ ሳቅሁ። ይህን አልክድም፤ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

«ትስቂያለሽ?» ደምለው ከጎማው ሥር ጮኸ። «ሰው ሊገደል ነው ትስቂያለሽ? እከሳታለሁ! በፍርድ ቤት ነው የማስለቅሳት!»

በዚያው ሳምንት ከሰሳት። የክሱን ወረቀት ሳነብ ሁለት ጊዜ ደገምኩት፤ ዓይኔን ማመን ስላቃተኝ። «ተከሳሽ ከወይራ አፋፍ እርሻዋ ላይ ቆማ በወንጭፍ ድንጋይ በመወርወር በካባው ላይ የቆመውን ተሽከርካሪ መትታለች» ይላል። ከሥሩ ደምለው ፈርሟል። ማኅተሙንም መትቷል። ሰውዬው ሲናደድ እንደማንኛውም ሰው እውነቱን ይናገራል፤ እውነት መሆኑን ያወቀው ግን ዘግይቶ ነው።

የቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት የተቀመጠው በገበሬዎች አዳራሽ ነው። ሰብሳቢው መሪጌታ ዓለምብርሃን ናቸው። በለጠች ፊት ለፊት ቆመች፤ ወንጭፏ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አያ ላቀው ከኋላ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል። ከእኔ ጋር ሰላምታ አልተለዋወጥንም።

መሪጌታ ክሱን አነበቡ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ደምለውን አዩት።

«ርቀቱ ስንት ነው?»

ደምለው ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ… ርቀቱን ለክቼ አይደለም።»

እጄን አወጣሁ። «መሪጌታ፣ ርቀቱ በኮሚቴ ፋይል ተመዝግቧል። አቶ ደምለው በየስብሰባው የሚጠቅሱት ልክ ነው። አምስት መቶ አርባ ሜትር።»

«አምስት መቶ አርባ!» መሪጌታ ወንጭፉን አንሥተው መዘኑት። «እኔም በልጅነቴ ጭላዳ ጠብቄያለሁ። አምስት መቶ አርባ ሜትር የሚወነጭፍ ክንድ በዚህ አገር አላየሁም። ዳዊት እንኳ ጎልያድን የጣለው ቀረብ ብሎ ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። ደምለው አልሳቀም። ገባው። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት፤ በአንድ እጁ የያዘው ወረቀት በሌላው እጁ የያዘውን እየበላበት ነው። የላቀው ገመድ ትክክል ከሆነ ክሱ ሐሰት ነው፤ ክሱ እውነት ከሆነ ገመዱ ውድቅ ነው።

«መሪጌታ» አለ ፈጠን ብሎ፣ «እኔ ለጉርብትና ስል ክሴን ትቻለሁ። ይቅር ብያታለሁ።»

«ይቅርታህን ያዘው። ምስክር ጠርቻለሁ፤ ምስክር ሳልሰማ አልዘጋም።» ወደ ኋላ ተመለከቱ። «አያ ላቀው፣ ይቅረቡ።»

ሽማግሌው ቀረቡ፤ ማሉ። ጋቢያቸውን ከአፋቸው ዝቅ አደረጉ።

«ሃያ ሰባት ገመድ ያለው የእርስዎ ገመድ ነው?»

«የእኔው ነው።»

«እንግዲያውስ ነገሩ ቀላል ነው። ገመድዎ ትክክል ከሆነ ልጅዎ አልወነጨፈችም። ነጻ ናት፤ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ገመድዎ ትክክል ነው?»

አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግባቸው። «ነው» ቢሉ ልጃቸው ነጻ ትወጣለች፣ ስማቸው እንደተከበረ ይቀራል፤ ኅዳር ሃያ ይፈረማል፣ ስልሳው ጉድጓድ ይፈነዳል። አፌ ውስጥ ስድብ ተዘጋጅቶ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ለአንድ ጊዜ ዋጥኩት።

አያ ላቀው ልጃቸውን አዩ። ልጃቸው መሬት መሬት ታያለች።

«ወንጭፋለች» አሉ።

«ምን አሉ?»

«ወንጭፋለች አልኩ። ደርሷልም።» እጃቸውን ከጋቢያቸው ሥር አወጡና አንድ ጥቁር፣ ስለታም ድንጋይ ጠረጴዛው ላይ ወንጭፉ አጠገብ አስቀመጡ። «ይህን መስከረም ላይ ከገብሴ ውስጥ አገኘሁት። ከካባው ነው የመጣው። ሳጥን ውስጥ ደበቅኩት። ገመዴ አይደርስም ብሏል፤ ድንጋዩ ደግሞ ደርሷል። ከሁለት አንዱን መደበቅ ነበረብኝ። ገመዴ የለካው መንገድ ነው። ድንጋይ መንገድ አያውቅም።»

መሪጌታ ወደ በለጠች ዞሩ። «አንቺስ?»

«የእኔ አይደለም የወረወርኩት» አለች። «የእሱኑ ነው የመለስኩለት።»

ደምለው ብድግ አለ። «ይህ የተቀነባበረ ሴራ ነው! ይህቺ ባለሙያ ናት…»

«ተቀመጥ» አሉ መሪጌታ። «ክሱ ያንተ ነው። አሸንፈሃል፤ ምን ያስጮህሃል?»

ተፈረደባት። መስታወቱን እንድትተካ፣ ወንጭፉም በኤግዚቢትነት እንዲያዝ። ጸሐፊው «ድንጋዩ ከተከሳሿ እርሻ ተነሥቶ በቀጥታ ካባው መድረሱ በምስክር ተረጋግጧል» ብሎ ሲጽፍ ትከሻው ላይ ቆሜ ፊደል በፊደል አነበብኩ። ግልባጩን ማኅተም አስመትቼ በዚያው ቀን አውቶቡስ ያዝኩ።

መልከ ጼዴቅ ወረቀቱን አገላብጦ አየ። የደምለው ፊርማ፣ የፍርድ ቤት ማኅተም፣ የላቀው ቃል። የሚደበቅበት ሰው አልቀረለትም። ቀና ብሎ ሳያየኝ የድሮውን ልክ ሰረዘና መቶ ሰባ ሁለት ጻፈ። አሥራ አራቱም ቤቶች ከመስመሩ ውስጥ ገቡ። ደምለው ስልሳውን ጉድጓድ በአፈር ሞልቶ ካባውን በጀርባው በኩል፣ ሰው በሌለበት ፊት እንዲከፍት ታዘዘ። ደብዳቤውን ሲቀበል «ለበለጠች መስታወቱን ራሴ እገዛላታለሁ በያት» አለኝ። ሊሰድበኝ ፈልጎ ስድብ ቢያጣ ያለው ነው ብዬ ወሰድኩት። እስከ ዛሬም አልገዛም።

ድል ነው? እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት አያ ላቀው ቢሮዬ መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው፤ አልተቀመጡም።

«ሦስት ክስ ተከፍቷል» አሉ። «ያበቃ ወሰን ነው የተከፈተው። 'ላቀው ራሱ ተሳስቻለሁ ብሏል፤ የእኔንም ተሳስቶ ይሆናል' እያሉ ነው። አሥር ዓመት ጎን ለጎን ያረሱ ሰዎች።»

«አያ ላቀው፣ ቤትዎ አሁን ከመስመሩ ውስጥ ነው…»

«ቤቴማ ገባ። እኔ ነኝ የወጣሁት።» ወደ በሩ ሄደው ቆሙ። «ትክክል ነበርሽ። አፍሽ ግን ክፉ ነው። ያን ቀን ቁጭ ብለሽ፣ ጠላዬን ጠጥተሽ፣ ቀስ ብለሽ ብትነግሪኝ በቤቴ እሰማሽ ነበር። በአደባባይ ተሳስቻለሁ አሰኘሽኝ።»

እስከ ግቢው በር ሸኘኋቸው።

ሦስቱን ወሰኖች እንድለካ የጠየቁኝ መሪጌታ ናቸው። ሄድኩ። አያ ላቀው ሳይጠሩ መጥተው አገኘኋቸው፤ ገመዱ በትከሻቸው ነው። አላናገሩኝም። እኔ ከማዕዘን ማዕዘን በመሣሪያዬ ስለካ እሳቸው ከኋላዬ ገመዳቸውን መሬት እያስነኩ ይጥላሉ። ባለጉዳዮቹ አጥሩ ላይ ተደርድረው ያያሉ። ከላይ በለጠች አዲስ በገመደችው ወንጭፍ ጭላዳዎቹን ታባርራለች፤ ፍርድ ቤት በቆመችበት ሰሞን ግማሹን ገብሷን በልተውባታል።

ሜዳው ለጥ ያለ ነበር። የመጨረሻው ማዕዘን ላይ አያ ላቀው ገመዳቸውን ጠቅልለው፣ ፊታቸውን ወደ ባለጉዳዮቹ አዙረው፣ ለእኔ ተናገሩ።

«ብረትሽ ስንት አለች?»

«አርባ ሜትር ከሃያ ሳንቲም።»

«ሁለት ገመድ» አሉ ጮክ ብለው፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «እንደ ድሮው። ሃያዋን ሳንቲም ብረትሽ ትብላት።»